ሌሊቱንም የቆጠሩት አርክቴክት፦ ኦቶ ኮኒግስበርገር

በኅዳር ወር አንድ እሁድ ጠዋት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ስንቅ ይዤ ተሰልፌ ነበር። የምጠይቀው የአክስቴን ልጅ ነው። ባለፈው ስመጣ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ሁለተኛ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ቀን ቀን ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አንዱ ብርድ ልብስ አይበቃም አለኝ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ከአጥሩ በላይ ብቅ ያሉትን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ስመለከት ቆየሁ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የእኔም ቤት ቆርቆሮ ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው ከቆርቆሮ በታች ነው የሚያድረው። ግን ተማሪ ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ የማነበው አንድ የተጎሳቆለ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። አዘጋጆቹ ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ የሙያ ሰው ሕይወት ጻፍ ሲሉኝ ሌላ ሰው አላሰብኩም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦቶ ኮኒግስበርገር በ1908 በርሊን ተወለዱ። እናታቸው የታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ የማክስ ቦርን እህት ናቸው። በበርሊን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከሃንስ ፖልዚግ ዘንድ ተምረው ሥራ እንደጀመሩ በ1933 ለወጣት አርክቴክቶች ትልቅ ክብር የሆነውን የሺንክል ሽልማት አገኙ። በዚያው ዓመት ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፣ እሳቸውም በአይሁድ ትውልዳቸው ምክንያት ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ። ሽልማትና ስንብት በአንድ ዓመት! ግብፅ ወርደው ከአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሲሠሩ፣ ጥንታዊ ግብፃውያን በር እንዴት ይሠሩ እንደነበር አጥንተው የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚያ ላይ ጻፉ። አገሩ በሩን የዘጋበት ሰው ስለ በር ሲመራመር፣ ምን ይባላል።

በ1939 ደቡብ ሕንድ ገቡ፣ የማይሶር ግዛት ዋና አርክቴክት ሆነው። አጎታቸው ማክስ ቦርን ከጥቂት ዓመታት በፊት ባንጋሎር አስተምረው ስለነበር መንገዱ ለቤተሰቡ እንግዳ አልነበረም። ባንጋሎር ላይ ለሕንድ የሳይንስ ተቋም ሕንፃዎችን ሠሩ፣ ለጃምሼድፑር የብረት ከተማም ፕላን አወጡ። በርሊን የተማሩት ዘመናዊ አርክቴክቸር፣ ጠፍጣፋው ጣሪያና ሰፊው መስታወት፣ ለዚያ ፀሐይና ለዚያ ዝናብ እንደማይሆን የገባቸው እዚያ ነው። ቅጹ ዘመናዊ ሆኖ ይቀጥል፣ ነገር ግን የመስኮቱን ቦታና የጥላውን ርዝመት የሚወስነው የአገሩ አየር ይሁን የሚለው አቋማቸው የተጀመረው ከዚህ ነው። ኋላ ትሮፒካል አርክቴክቸር የተባለው ነገር ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው።

በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ሚሊዮኖች ተፈናቀሉ። ራሳቸው ስደተኛ የሆኑት ኮኒግስበርገር በ1948 የሕንድ መንግሥት የቤቶች ዳይሬክተር ሆነው ለስደተኞች ከተማ መቀየስ ጀመሩ። ፋሪዳባድና ጋንዲዳም ላይ እጃቸው አለበት፤ የኦሪሳ ግዛት አዲስ ዋና ከተማ የሆነችውን የቡባነሽዋርን ፕላንም ያወጡት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ውድቀት ቶሎ ይታለፋል። ቤቱ በፍጥነት ይፈለግ ስለነበር ደልሂ ላይ ተገጣጣሚ ግድግዳ የሚያመርት የመንግሥት ፋብሪካ ተቋቋመ። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር ነገር ነበር፦ ሰሌዳው ፋብሪካ ውስጥ ይመረታል፣ መኪና ይጭነዋል፣ ቤቱ በአጭር ጊዜ ይቆማል። ሰሌዳዎቹ ግን አልጸኑም፤ ተሰነጣጠቁ። ነገሩ ቅሌት ሆነ፣ ኮኒግስበርገርም በ1951 ሕንድን ለቀው ለንደን ገቡ። በኋለኛው ዘመናቸው ከተጠናቀቀ ማስተር ፕላንና ከአንድ ፋብሪካ ተአምር ይልቅ፣ ነዋሪው ዛሬ የሚችለውን ደረጃ በደረጃ የመሥራት ሐሳብን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሐሳቡ ከደልሂው ፋብሪካ ጋር እንደሚያያዝ እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም። በኮንዶሚኒየም ዘመን የተመረቅን ሰዎች ይህን ብናነብ ደስ ይለኛል።

በ1953 ለንደን ውስጥ ስለ ትሮፒካል አርክቴክቸር ጉባኤ ተደረገ። ከመነሻው ግፊት ያደረገው እንግሊዝ አገር ይማር የነበረ አንድ ናይጄሪያዊ የአርክቴክቸር ተማሪ ነበር፤ የሚማረው ትምህርት ለአገሩ አየር የማይሆን መሆኑን አይቶ። በ1954 በለንደኑ የአርክቴክቶች ማኅበር ትምህርት ቤት የትሮፒካል አርክቴክቸር ክፍል ተከፈተ። መጀመሪያ ማክስዌል ፍራይ መሩት፣ ከ1957 ጀምሮ ኮኒግስበርገር ተረከቡት። በዚያው በ1954 ነው እኛ አገር የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተው፤ የዛሬው የልደታ ግቢያችን መነሻ። ከለንደኑ ክፍል ተምሮ የወጣው እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ አዲስ አበባ መጥቶ ከኢትዮጵያዊው አርክቴክት ከሚካኤል ቴድሮስ ጋር ቢሮ ከፈተ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃና የፍልውሃ መታጠቢያ የእነሱ ሥራዎች ናቸው። ፍልውሃ ገብቶ የታጠበ ሁሉ የኮኒግስበርገርን ትምህርት በሩቁ ቀምሷል ማለት ይቻላል።

ትችቱም መነሳት አለበት። ትሮፒካል የሚለው ስያሜ ቅኝ ገዢዎች ካርታ ላይ ያሰመሩት ቀበቶ ነው፤ ሌጎስን፣ ደልሂንና አዲስ አበባን አንድ ላይ ጠቅልሎ ለንደን ላይ ማስተማር ራሱ ችግር አለበት። ኮኒግስበርገርም በዚያ ስም ታስረው አልቀሩም። በ1971 ክፍሉ ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛውሮ የልማት ፕላን ክፍል ሆነ፤ ሙቀትና ጥላ ብቻ ሳይሆን መሬት፣ ገንዘብና አስተዳደርም የቤት ጉዳይ ነው ተብሎ።

የእኔ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ትሮፒካል ቤቶችና ሕንፃዎች ያዘጋጁት የትምህርት መጽሐፍ። እሱን ገልጬ የደነገጥኩበት ገጽ የአየር ንብረት ዓይነቶችን የሚዘረዝረው ነው። ከሞቃትና እርጥብ፣ ከሞቃትና ደረቅ ሌላ የትሮፒካል ደጋ የሚል ክፍል አለው፣ ከምሳሌዎቹ መካከል ከቦጎታ፣ ከሜክሲኮ ሲቲና ከናይሮቢ ጋር አዲስ አበባ ተጠቅሳለች። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ። ለሌጎስ የሚሆነው ነፋስ የሚያሳልፍ ቀጭን ግድግዳ እዚህ ጥፋት ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ከባድ ግድግዳ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ጠጥቶ ሌሊት የሚመልስ። ድንጋይም ጭቃም ይህን ያደርጋሉ፣ ሙቀቱ ወፍራም ግድግዳ አልፎ ለመግባት ሰዓታት ይወስድበታል። ቆርቆሮ ግን በደቂቃዎች ይግላል፣ ጥርት ባለ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር በታች ይቀዘቅዛል።

የማሆኒ ሠንጠረዥ የሚባለውንም ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ካርል ማሆኒ ከኮኒግስበርገር ጋር ሲሠሩ ያዘጋጁት ነው፦ የየወሩን ሙቀት፣ እርጥበትና ዝናብ ትሞላለህ፣ ስለ ግድግዳ፣ ስለ ጣሪያና ስለ መስኮት ምክር ይሰጥሃል። ኮምፒዩተር አይፈልግም፣ እርሳስ ይበቃዋል። እኔ የምወድለት አንድ ነገር ለቀንና ለሌሊት የተለያየ የምቾት ልክ መያዙን ነው። ቢሮ የሚሠራ አርክቴክት ሌሊቱን ሊረሳ ይችላል። ሰው በግዴታ የሚያድርበትን ክፍል የሚሠራ ግን አይችልም።

ዛሬ ዘላቂ ዲዛይን የምንለው አብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። በ2010 ገደማ ከዙሪኩ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ልደታ ግቢ ውስጥ የተሠራውን ሱዱ የተባለውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት አስቡት፤ ግድግዳው ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ነው። በአንጻሩ የአፍሪካ ኅብረት የመስታወት ማማ በ2012 የተመረቀው ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ፣ በነበረበት መሬት ላይ ነው። የድሮው እስር ቤት ሲነሳ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ሄዱ። ከማማውም ከቆርቆሮውም በላይ ያለው ፀሐይ ግን አንድ ነው።

ኮኒግስበርገር በ1978 ጡረታ ወጡ፣ በጥር 1999 ለንደን ውስጥ በ90 ዓመታቸው አረፉ። ተማሪዎቻቸው በየአገሩ ተበትነው ነበር።

ያን እሁድ ሰልፉ እስኪደርሰኝ በስንቁ ከረጢት ጀርባ ላይ ሠንጠረዡን ለመሙላት ሞከርኩ። ቁጥሮቹን በቃሌ ስለማላውቃቸው አልጨረስኩትም፤ ጣሪያውን በተመለከተ ግን መጽሐፉን ያነበበ ሰው መልሱን አያጣውም። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ነገር። እኔም ቤቴ ይህን ያደረግኩት አምና ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሌላው ሰው ስመክር ኖሬ። ተራዬ ሲደርስ ምግቡን አስፈተሽኩ፣ ብርድ ልብሱንም አስረከብኩ። በሚቀጥለው እሁድ የአክስቴ ልጅ ሌላ እንዳልጨምር ነገረኝ፤ አጠገቡ ለሚተኛው ሽማግሌ ሰጥቶት ነበር።