ኦራዚዮ አንቲኖሪ

ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ (ኦክቶበር 1811 – 26 ኦገስት 1882 እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊ የእንስሳት ተመራማሪና ተጓዥ ነበር። በሙያው ይበልጥ የሚታወቀው በአእዋፍ ጥናት ነው። በሕይወቱ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፈው በሸዋ ሲሆን፣ ከአንኮበር አጠገብ በምትገኘው ሌት ማረፊያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ወፎችን፣ አጥቢ እንስሳትን፣ ጥንዚዛዎችንና ቢራቢሮዎችን ሰብስቧል። ከዚህ ስብስብ ውስጥ አንድ ቢራቢሮ ስሙን ወርሶ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞ ሕይወቱ

አንቲኖሪ የተወለደው በመካከለኛው ጣሊያን በፔሩጃ ከተማ ከመሳፍንት ቤተሰብ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ወፍ ማደንና የታደነውን ወፍ ቆዳ ሞልቶ ማድረቅ ተማረ። በሮም በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የአእዋፍ ተመራማሪ ከልዑል ሻርል ሉሲየን ቦናፓርት ጋር ሠርቷል። በ1848 በጣሊያን አብዮት ሲቀጣጠል የጦር መሣሪያ አነሣ፤ በ1849 የሮም ሪፐብሊክ በፈረንሳይ ጦር ስትወድቅም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በግሪክና በቱርክ ግዛት በቆየባቸው ዓመታት መተዳደሪያው ያው ወፍ መሰብሰብ ነበር።

በ1859 ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከአገሩ ልጅ ከካርሎ ፒያጃ ጋር እስከ ባሕር ኤል ጋዛል ዘልቆ ያመጣቸውን ወፎች ዝርዝር በ1864 በሚላኖ አሳተመ። በ1867 በፍሎረንስ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ከ1870 እስከ 1872 ደግሞ ከአርቱሮ ኢሰልና ከኦዶአርዶ ቤካሪ ጋር ወደ ቦጎስ አገር፣ ማለትም ዛሬ ከረን ወደምትገኝበት ደጋ ወጣ። ጓደኞቹ ቀድመው ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀርቶ መሰብሰቡን ቀጠለ። ይህ ጠባዩ በኋላ በሸዋም ይደገማል፤ ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ይቀራል።

ወደ ሸዋ

የጂኦግራፊ ማኅበሩ ከሸዋ ተነሥቶ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚዘልቅ ጉዞ ሲያሰናዳ መሪ አድርጎ የመረጠው አንቲኖሪን ነው። በማርች 1876 ከጣሊያን ሲነሣ ዕድሜው 64 ነበር። አብረውት ወጣቱ መሐንዲስ ጆቫኒ ኪያሪኒና ሻምበል ሰባስቲያኖ ማርቲኒ ነበሩ፤ በናሙና ሥራ የሚያግዘው ሎሬንዞ ላንዲኒም ተጨመረ። በዘይላ በኩል ገብተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በዚያው ዓመት ንጉሥ ምኒልክ ወደተቀመጡበት ወደ ልቼ ደረሱ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰሜን ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ለብዙ ዓመታት በአገሩ የኖሩት ካቶሊካዊው ጳጳስ ጉግሊየልሞ ማሳያ በንጉሡ ዘንድ የነበራቸው ተሰሚነት ለእንግዶቹ ጠቅሟቸዋል።

አንቲኖሪ ሸዋ ከገባ ብዙም ሳይቆይ በአደን ላይ ሳለ ጠመንጃ ባርቆበት ቀኝ እጁን ክፉኛ ተጎዳ። የወፍ ቆዳ ለሚገፍና የቢራቢሮ ክንፍ ለሚዘረጋ ሰው ቀኝ እጅን ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ሐይቆቹ የታሰበው ረጅም ጉዞም ለእሱ በዚሁ አበቃ። ማርቲኒ እርዳታ ፍለጋ ወደ ጣሊያን ተመልሶ አንቶኒዮ ቼኪን ይዞ መጣ። በ1878 ቼኪና ኪያሪኒ ያለ መሪያቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ አቀኑ፤ በጌራም ታሰሩ። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ የተለቀቀው በ1880 ነው። አንቲኖሪ ይህን ሁሉ ወሬ የሰማው በሌት ማረፊያ ተቀምጦ ነው።

ሌት ማረፊያ

ሌት ማረፊያ ከአንኮበር ዝቅ ብላ በሸንተረሩ ላይ የምትገኝ ቦታ ናት። ንጉሥ ምኒልክ መሬቱን ለእንግዶቹ የሰጧቸው በ1877 ሲሆን፣ አንቲኖሪ ቤት አሠርቶ የአትክልት ቦታ አዘጋጅቶ ጣቢያውን አቋቋመ። ቦታው ለእንስሳት ሰብሳቢ የተመቸ ነበር። ከአንኮበር በላይ ብርዳማው ደጋ አለ፤ ከሥሩ ደን የለበሰው ቁልቁለት፣ ዝቅ ሲልም ወደ አዋሽና ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ አለ። ሰው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የደጋውንም የወይና ደጋውንም የቆላውንም ነፍሳት ያገኛል።

ቢራቢሮ መሰብሰብ በመረብ ሮጦ መያዝ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ሥራው ከተያዘ በኋላ ይብሳል። ክንፉ በሚያብለጨልጭ ደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ጣት ሲነካው ይረግፋል። በዘመኑ የነበረው ልማድ የሞተውን ቢራቢሮ ክንፉን ገጥሞ በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ወረቀት ውስጥ ማስቀመጥና በወረቀቱ ላይ የተያዘበትን ቦታና ቀን መጻፍ ነበር። ሌሊት የሚበረውን የእሳት እራት ለመያዝ ደግሞ መብራት ይበቃል፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። በሸዋ ደጋ ለዚህ ሥራ የተሻለው ወቅት ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ የመስከረምና የጥቅምት ወር ነው። ሜዳው ሁሉ ሲያብብ ቢራቢሮዎች ይበዛሉ፤ ቀደም ብሎ ግን የክረምቱ እርጥበት ወረቀቱን ያሻግተዋል፤ የደረቀውንም ጉንዳንና ብል ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ በበቅሎ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በግመል በረሃውን አቋርጦ፣ ከወደብ በመርከብ ጄኖቫ ይደርሳል። መድረሻው ጃኮሞ ዶሪያ በ1867 ያቋቋመው የከተማው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። ሙዚየሙ ወፎቹን በቶሪኖ ለሚኖረው ለቶማዞ ሳልቫዶሪ፣ ቢራቢሮዎቹን ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሬን ከተማ ለሚኖረው ለሻርል ኦበርቱር ሰጠ። ኦበርቱር ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም፤ በእጁ ያለው የደረቀው ነፍሳትና አብሮት የመጣው ጽሑፍ ብቻ ነበር። አንድ ናሙና ያለ ቦታና ያለ ቀን ቢመጣ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ለብዙ ነገር አይጠቅምም። አንቲኖሪን ከጊዜው አዳኞች የሚለየውም አንዱን ቦታ ይዞ፣ ዓመት ከዓመት ከዚያው አካባቢ መሰብሰቡ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ መንገድ የመሩ፣ ነፍሳቱን ይዘው ያመጡ፣ ጭነቱን ያጓጓዙ የአካባቢው ሰዎች ድርሻ ትልቅ እንደሚሆን ግልጽ ቢሆንም፣ በዘመኑ ልማድ በእንስሳቱ ስም ላይ የተቀመጠው የአውሮፓውያኑ ስም ነው።

ሞቱ

አንቲኖሪ በሌት ማረፊያ በ26 ኦገስት 1882፣ ማለትም በነሐሴ 21 ቀን 1874 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ለዘመን መለወጫ የቀሩት 15 ቀናት ብቻ ነበሩ። ከእሱ በኋላ ጣቢያውን ሁለት ሐኪሞች፣ በመጀመሪያ ቪንቼንዞ ራጋዚ፣ ቀጥሎም ሌኦፖልዶ ትራቨርሲ መሩት። ራጋዚም ወፎችን ወደ ጄኖቫ መላኩን ቀጥሏል።

የጣቢያው ሌላ ገጽታ

ስለ አንቲኖሪ ሲጻፍ ጣቢያው የሳይንስ ብቻ እንደነበረ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም። ለምኒልክ ጣሊያኖቹ የጦር መሣሪያና የውጭ ግንኙነት በር ነበሩ፤ ለሮም መንግሥት ደግሞ ሌት ማረፊያ በሸዋ ቤተ መንግሥት አጠገብ የተተከለ እግር ሆነች። በ1879 ወደ ሸዋ የመጣው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ በ1883 ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውልም ያዘጋጀው እሱ ነው። የዚያ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም መያዙና ነገሩ ወደ ዓድዋ ማምራቱ የታወቀ ነው። ከጌራ እስር የተረፈው ቼኪም በ1896 በሞቃዲሾ አቅራቢያ ተገደለ። አንቲኖሪ ይህን ሁሉ ለማየት አልደረሰም። ያም ሆኖ አንቶኔሊ የተጠቀመበትን መንገድ የከፈተው የእሱ ጉዞ ነው።

ስሙን የወረሰው ቢራቢሮ

ኦበርቱር በ1883 በጄኖቫው ሙዚየም መጽሔት ላይ ከሸዋ የመጣ አንድ ቢራቢሮ ገልጾ ፓፒሊዮ አንቲኖሪ አለው። አንቲኖሪ ከሞተ አንድ ዓመት ሆኖት ስለነበር ስሙን አላየውም። ዛሬ ይህ ቢራቢሮ ራሱን የቻለ ዝርያ ሳይሆን በአፍሪካ ሰፊ አካባቢ የሚኖረው የፓፒሊዮ ዳርዳነስ ኢትዮጵያዊ ንዑስ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠራል። ዝቅ መደረጉ ግን ዋጋውን አልቀነሰውም።

የፓፒሊዮ ዳርዳነስ ወንዱ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጠርዝ አለው፤ የኋላ ክንፎቹም ጅራት አላቸው። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ሴቷ ወንዱን ፈጽሞ አትመስልም። ጅራት የላትም፤ መልኳም ወፎች ጣዕማቸውን ጠልተው የማይነኳቸውን ሌሎች ቢራቢሮዎች ይመስላል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም፤ እያንዳንዷ የምትመስለው የተለየ ቢራቢሮ ነው። በዚህ ምክንያት ሰብሳቢዎች ለረጅም ጊዜ የተለያዩ ዝርያዎች አድርገው ይዘዋቸው ነበር። በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው ሮላንድ ትራይመን ሁሉም የአንድ ወንድ ሚስቶች መሆናቸውን በ1869 ሲያሳትም፣ እንደ ዊሊያም ሂዊትሰን ያሉ ታዋቂ ሰብሳቢዎች አልተቀበሉትም። በማዳጋስካር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሴቷ ወንዱን ትመስላለች፣ ጅራትም አላት።

ኢትዮጵያ በሁለቱ መካከል ትገኛለች። እዚህ አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ማዳጋስካሮቹ ወንዱን ይመስላሉ። ከእነሱ ጋር ግን ሌላውን ቢራቢሮ የሚመስሉ፣ ጅራታቸው ግን ያልጠፋ ሴቶች በአንድ አካባቢ ይበራሉ። የሚመስሉት ቢራቢሮ ጅራት ስለሌለው፣ ጅራቱ የማስመሰሉን ሥራ ያበላሽባቸዋል ማለት ነው። አንድ እንስሳ ሌላውን መምሰል የሚጀምረው በአንድ ዝላይ ነው ወይስ ደረጃ በደረጃ የሚለውን ለሚከራከሩ ሰዎች ይህ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ መልክ ትልቅ ማስረጃ ሆነ። ናሙናው ከሸዋ መምጣቱ ባይታወቅ ኖሮ ይህ ማስረጃ አይኖርም ነበር፤ ጅራት ያላት ሴት ከማዳጋስካር ወይም ከሌላ ቦታ ተቀላቅላ የመጣች ተብላ ልትታለፍ ትችል ነበር።

ከ70 ዓመታት በላይ ቆይቶ የሊቨርፑሉ ሐኪም ሲሪል ክላርክና ባልደረባው ፊሊፕ ሼፐርድ ጥያቄውን በማዳቀል ፈተኑት። የኢትዮጵያውን ንዑስ ዝርያ ከሌሎች አገሮች ቢራቢሮዎች ጋር አዳቅለው፣ በተከታታይ ካሳተሟቸው ጽሑፎች አንዱን በ1960 ለኢትዮጵያውና ለማዳጋስካሩ ሰጡ። የጅራት መኖርና አለመኖር ከክንፉ ቀለም ተለይቶ በራሱ ዘረ መል እንደሚወረስ ተገነዘቡ። የክንፉን ቀለም የሚወስኑት ግን በአንድነት ተያይዘው የሚተላለፉ ዘረ መሎች እንደሆኑ አድርገው አስረዱ። ክላርክ በሰው ደም ውስጥ ያለውን የአር ኤች ዓይነት ሲያጠና የነበረው ሐሳብ ከዚሁ ከቢራቢሮው የተቀዳ ነው። የእናትና የፅንስ ደም ባለመስማማቱ የሚመጣውን በሽታ ለመከላከል በ1960ዎቹ በሊቨርፑል በተሠራው ሥራም ውስጥ ዋና ከሆኑት ሰዎች አንዱ ነበር።

ቢራቢሮው ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋ፣ ደን ባለባቸው ቦታዎችና በደን ዳር ይገኛል። አባጨጓሬው የሚመገበው ሎሚና ጤና አዳም በሚመደቡበት ቤተሰብ ውስጥ ባሉ ዕፅዋት ላይ ነው። ሊመዘግበው የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የኋላ ክንፉን ይመልከት፤ ቡናማ ወይም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ጅራት ያለው ከሆነ፣ ሌላውን የምትመስለዋን ሴት አግኝቷል።