ጄን አዳምስ፦ የሠፈራቸውን ቆሻሻ እየቆጠሩ ያስነሡ ሴት

በዚህ እትም የጄን አዳምስን ሕይወት እናስታውሳለን። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በኖቤል የሰላም ሽልማታቸው ነው። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የሠፈራቸውን ቆሻሻ ለማስነሣት የከተማውን አስተዳደር የሞገቱበት ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄን አዳምስ በ1860 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት ተወለዱ። እናታቸው የሞቱት እርሳቸው የ2 ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። አባታቸው ባለጸጋና የግዛቱ ምክር ቤት አባል ስለነበሩ በምቾት መኖር ይችሉ ነበር። ነገር ግን ለንደን ሄደው የተማሩ ሰዎች ከድሆች ጋር አብረው የሚኖሩበትን ቶይንቢ ሆልን ካዩ በኋላ፣ በ1889 ከጓደኛቸው ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በቺካጎ ከተማ ሃል ሃውስ የተባለውን ቤት ከፈቱ። እዚያው እየኖሩ መዋዕለ ሕፃናት፣ የማታ ትምህርትና የሴቶች ክበብ አቋቋሙ።

ሠፈሩ የከተማው 19ኛ ቀጠና ሲሆን፣ ከአውሮፓ የመጡ ድሃ ስደተኞች ተጨናንቀው ይኖሩበት ነበር። ቆሻሻው በየመንገዱ በተተከሉ ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች ይጠራቀማል፣ በጊዜው አይነሣም፣ ሕፃናትም በዙሪያው ይጫወታሉ። በሚሞተው ሰው መጠን ቀጠናው ከከተማው 3ኛ ነበር። ሴቶች ደግሞ በከተማው ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም።

የክበቡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲያጥቡ፣ ሲተኩሱና ሲያበስሉ ውለው፣ ማታ ማታ በየጓሮ መንገዱ እየዞሩ መመርመር ጀመሩ። በዚህ የተነሣ ከጎረቤት ጋር መቀያየምም ነበረበት። በሁለት ወር ውስጥ ከሃል ሃውስ ለጤና መሥሪያ ቤቱ የቀረቡት የተረጋገጡ የደንብ ጥሰቶች 1,037 ደረሱ። 3 ተቆጣጣሪዎችም ሥራቸውን በሚገባ ስላልሠሩ ተራ በተራ ከቀጠናው ተዛወሩ። ቆሻሻው ግን አልቀነሰም።

በ1895 ጄን አዳምስ ለቆሻሻ ማንሣቱ ሥራ ራሳቸው ጨረታ ገቡ። ሰነዳቸው በአሠራር ጉድለት ተብሎ ውድቅ ቢደረግም፣ ከንቲባው በዚሁ ምክንያት የቀጠናው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሟቸው። ደመወዙ በዓመት 1,000 ዶላር ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው ሠራተኞቹ ሥራ መግባታቸውን ያያሉ፣ ጋሪዎቹንም እስከ መድፊያው ድረስ ይከተላሉ። ኮንትራክተሩን ወጥረው ይዘው 9 የነበሩትን ጋሪዎች 13፣ ኋላም 17 አስደረጉ። በአንድ ጠባብ መንገድ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆሻሻ ሲጠረግ፣ ከሥሩ ማንም ያላሰበው ንጣፍ ተገኘ። ከጊዜ በኋላ ቀጠናው በሞት መጠን ከ3ኛ ወደ 7ኛ ዝቅ አለ። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም እንደነበሩ ጄን አዳምስ አልደበቁም።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። የቀጠናው የምክር ቤት አባል ጆኒ ፓወርስ ለድሃው ሥራ እያስገኘና የቀብር ወጪ እየሸፈነ ልቡን የያዘ ፖለቲከኛ ነበር። ሃል ሃውስ በ1896ም በ1898ም ሊያስወርደው ሞክሮ አልቻለም። የኢሊኖይ ሴቶች በከተማ ምርጫ ድምፅ ያገኙት በ1913 ነው። ጄን አዳምስ በ1931 ኖቤልን ተሸልመው በ1935 ዐረፉ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ቆጠራውን ነው። ሠፈራችን ቆሽሿል የሚል አቤቱታ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ይችላል። ቦታው፣ ቀኑና ብዛቱ ተጽፎ የቀረበ ግን መልስ ይጠይቃል። መልሱ ከተሰጠ በኋላም ጋሪውን እስከ መድፊያው መከተል ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ወረዳ ስንሄድ ምሬታችንን ብቻ ሳይሆን መዝገባችንንም ይዘን እንሂድ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ከድካማችን ላይ የምንቆርሰው የማታ ሰዓት ነው።