ኢማም አል-ገዛሊና የማይታየው ዓለም

በረመዳን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ የልጆች ጥያቄ አያልቅም። ጂን የት ነው የሚኖረው? ከሰባቱ ሰማያት በላይ ምን አለ? ትልልቆቹ ደግሞ በየስልካቸው የተላከላቸውን ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። በአተም ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚዞሩት ልክ ፕላኔቶች ፀሐይን እንደሚዞሩት ነው፤ ታዲያ የተደበቀው ዓለም በር እዚህ አይደለም ወይ ይላሉ። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ስለ ትንሹና ስለ ትልቁ፣ ስለሚታየውና ስለማይታየው አጥብቀው የጠየቁ፣ መልሱንም ፍለጋ ወንበራቸውን ጥለው የወጡ ዓሊም ነበሩ። ሑጀተል ኢስላም ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ናቸው።

የተወለዱት በ450 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን ምድር፣ ዛሬ ኢራን ውስጥ በምትገኘው ጡስ ነው። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው ነበሩ። ሳይማሩ የቀሩበት ጉዳይ ይቆጫቸው ስለነበር፣ ሲሞቱ ሁለቱን ልጆቻቸውን ሙሐመድንና አሕመድን ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ አለቀ። ሰውየውም እርሱ ራሱ ድሃ ነበርና ልጆቹን ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ ላካቸው። የኢማሙ የዒልም ጉዞ የተጀመረው እንግዲህ በእንጀራ ፍለጋ ነው።

ከጁርጃን ተምረው ሲመለሱ ሽፍቶች መንገድ ላይ ዘረፏቸው። ወጣቱ ገዛሊ ስለ ሌላው ሳይሆን ትምህርታቸውን ስለጻፉበት ወረቀት ለመኑ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው፤ ወረቀቱ ሲወሰድ አብሮ የሚወሰድ ዕውቀት ምን ዕውቀት ነው ብሎ ተሳለቀና መለሰላቸው። እርሳቸውም ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ በቃላቸው ያዙት። ለኪታብ ሳይሆን ለመጽሐፍ መደርደሪያ ለምንደክም ሰዎች ይህ ሽፍታ ጥሩ ኡስታዝ ነው።

ከዚያ በኒሳቡር ኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። የአሽዓሪዮች የከላም ትምህርት ስለ ጥቃቅኑ ዓለም የሚለውን በደንብ ያጠኑት እዚያ ነው። አካል ሁሉ ከዚያ ወዲያ ሊከፈል ከማይችል ቅንጣት የተሠራ ነው፤ ስሙም አል-ጀውሀሩል ፈርድ ይባላል። ቀለሙ፣ ሙቀቱ፣ እንቅስቃሴው ግን በራሱ ሁለት ቅጽበት አይቆይም፤ አላህ (ሱ.ወ) በየቅጽበቱ ያድሰዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ዝም ብሎ የተጋደመ ድንጋይ እንኳ በራሱ የቆመ አይደለም። የአቧራ ቅንጣትና ሰባቱ ሰማያት የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ለአንድ አፍታ እንኳ ከፈጣሪያቸው አይብቃቁም። የሚመሳሰሉት በቅርጻቸው ሳይሆን በድህነታቸው ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁርኣን ውስጥ ያለውን ዘራ የሚለውን ቃል ወስደው የዛሬው አተም ነው የሚሉ አሉ። የጥንት ሙፈሲሮች ግን ትንሽዬ ጉንዳን፣ ወይም በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚታይ ብናኝ ብለው ነው የፈቱት። የአተምን እምብርት ራዘርፎርድ የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ ኢማሙ ከሞቱ ልክ 800 ዓመት በኋላ ነው። ኤሌክትሮንን እንደ ፕላኔት በመሥመር የሚያስኬደውን ሥዕልም የፊዚክስ ሰዎቹ ራሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ትተውታል። እምነቱን በዚያ ሥዕል ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ሥዕሉ ሲቀየር ምን ሊይዝ ነው? ኢማሙ ፈላስፎችን በተቹበት ኪታባቸው መግቢያ ላይ፣ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር ስለሆነ በዲን ስም የሚክደው ሰው ዲኑን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀው ነበር። ሒሳቡን ለሒሳብ ሰዎች ትተው እርሳቸው ሌላ ነገር ፈለጉ።

በ484 ሂጅራ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ወዚሩ ኒዛሙል ሙልክ በባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ ሾማቸው። ሦስት መቶ ደረሳ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። በተከታዩ ዓመት በረመዳን ወዚሩ ተገደለ፤ በሸዋል ሱልጣን መሊክ ሻህ ተከተለ። ያን ያህል ሥልጣን በሁለት ወር ውስጥ አፈር ገባ።

በ488 ሂጅራ ረጀብ ላይ ኢማሙ ራሳቸውን መረመሩ፤ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝናና ለክብር ሆኖ አገኙት። ልውጣ ሲሉ ነፍስያ ትመልሳቸዋለች፤ ልቀመጥ ሲሉ የአኺራ ነገር ያስጨንቃቸዋል። ስድስት ወር ያህል እንዲህ ሲዋልሉ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ደረሳው ፊት ተቀምጠው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው። ምግብ አልወርድ አለ። ሐኪሞቹ ሕመሙ የቀልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። በመጨረሻ ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ንብረታቸውን በተኑና መካ እሄዳለሁ ብለው ወደ ሻም ወጡ።

በደማስቆ ትልቁ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ዘግተው ይውሉ ነበር። ከዚያ በይተል መቅዲስ፣ ከዚያም አል-ኸሊል ሄዱ። በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) መቃብር ዘንድ የሱልጣን ደጅ ላይረግጡ፣ የሱልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ለክርክር ላይቀመጡ ቃል ገቡ። ሐጅም አደረጉ።

የኢሕያእ ዑሉሙዲን አርባ ኪታቦች የዚህ ስደት ፍሬ ናቸው። በውስጡ ያሉት ሐዲሶች ሁሉ ሰሒሕ አይደሉም፤ አል-ሐፊዝ አል-ዒራቂ ኋላ ለይተዋቸዋል። ስለ ተፈኩር በጻፉት ላይ ግን ትንኝን ያሳዩናል፤ በዚያች ኢምንት ገላ ላይ እንደ ዝሆን ኩምቢ አላት፣ ዝሆን የሌለው ክንፍም ተጨምሮላታል። ዓይንንም ያሳዩናል፤ ምስር በምታህል ሥፍራ ላይ ሰማይ ከነስፋቱ ይታያል። በፋርስኛ በጻፉት ኪታብ ደግሞ ሰውን ትንሽ ዓለም አድርገው ይገልጹታል፤ አጥንቱ እንደ ተራራ፣ ፀጉሩ እንደ ዛፍ፣ ላቡ እንደ ዝናብ። በወረቀት ላይ የምትሄድ ጉንዳንም አለች። ወረቀቱን የሚያጠቁረው የብዕሩ ጫፍ ይመስላታል፤ ዓይኗ አጭር ስለሆነ እጁን አታይም፣ የእጁን ባለቤትማ እንዴት አድርጋ!

ዓለመል ሙልክ የምናየው ነው፤ ዓለመል መለኩት የማናየው። አንዱ ለሌላው ቅርፊት ለፍሬው እንደሆነው ነው። ስለዚህ በቴሌስኮፕ ርቀትም፣ አተምን በመሰንጠቅም አይደረስበትም። ጉንዳኗ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ብትዞረውም ጸሐፊውን አታገኘውም፤ ቀና ማለት ነው የጎደላት።

ስለ ጾም ሲጽፉ ለይለተል ቀድርን ከመለኩት አንድ ነገር የሚገለጥባት ሌሊት ይሏታል፤ በቀልቡና በደረቱ መካከል የምግብ ከረጢት ያንጠለጠለ ግን ከዚያ ተጋርዷል ይላሉ። ለረመዳን ተብሎ ምግብ ከሌላው ወር ይበልጥ መከማቸቱንም ነቅፈዋል። በዘመናቸው ሳምቡሳ ነበር ይሆን?

በ499 ሂጅራ በኒሳቡር ወደ ማስተማር ተመለሱ፤ አሁን ግን ዝና ፍለጋ አልነበረም። ኋላም ጡስ ገብተው ከቤታቸው አጠገብ ለደረሶች መድረሳ፣ ለሱፊዮች ማረፊያ ሠሩ። በወሎም ሆነ በሐረር የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ የቀራ ደረሳ ሳያውቀው የእርሳቸውን ውኃ ጠጥቷል፤ የሚንሃጅ የዘር ሐረግ በራፊዒ በኩል እርሳቸው ዘንድ ይደርሳልና።

ሰኞ ጁማደል አኺር 14 ቀን 505 ሂጅራ (ዲሴምበር 18 ቀን 1111) ነበር። ወንድማቸው አሕመድ እንደተረኩት፣ ጎሕ ሲቀድ ውዱእ አድርገው ሱብሒን ሰገዱ። ከፈናቸውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፤ ተቀብለው ሳሙት፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያም እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ። ወገግ ከማለቱ በፊት አረፉ።