አባ ያሬድ የተባለው ተራራ

ልጆች፣ የሰሜንን ተራሮች በጂኦግራፊ ትምህርታችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በአገራችን ከፍታ አንደኛ የሆነው ራስ ደጀን የሚገኘው እዚያ ነው። በዚያው አካባቢ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሌላ ተራራ አለ፤ ስሙም አባ ያሬድ ይባላል። ይህን ስም ከማን እንዳገኘ ታውቃላችሁን? እነሆ ታሪኩን አንብቡ።

ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ ታውክልያ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ነገር ግን ትምህርት አልገባው አለ። መዝሙረ ዳዊትን ማጥናት ተሳነው፤ ጓደኞቹ ዘበቱበት፤ መምህሩም ገረፈው። ቢመርረው ጠፍቶ ሄደ።

ማይ ኪራሕ ከሚባል ስፍራ ሲደርስ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። ቀና ቢል አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት በግንዱ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ግን ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም አልቅሶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆም መማር ጀመረ። እግዚአብሔርም ልቡናውን ከፈተለት።

ካደገ በኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት ዜማዎች ድጓን ደረሰ። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የምትሰሙት ማኅሌት የእርሱ ነው።

አንድ ቀን በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ቢፈስም ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ባየው ጊዜ ደንግጦ የወደደውን ሁሉ ሊሰጠው ማለለት። ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትለምኑ ነበር? ርስት? ወይስ ወርቅ? ቅዱስ ያሬድ ግን በገዳም ለመኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ ቢያዝንም መሐላውን ማፍረስ አልቻለምና አሰናበተው።

ቅዱስ ያሬድም ወደ ሰሜን፣ ወደ ጸለምት ወረደ። በብርዱና በገደሉ አገር እየጾመና እያስተማረ ኖረ፤ ገድሉ እንደሚነግረን በዚያው ተሰወረ። ግንቦት 11 ቀን በዓሉ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ከንጉሡ መሬት ያልለመነው አባት ስሙ በታላቁ ተራራ ላይ ቀረ። ከእናንተ መካከል ትምህርት የከበደው ልጅ ቢኖር ተስፋ አይቁረጥ። ፈጥኖ የሚያጠናውም በባልንጀራው አይሳቅ፤ በያሬድም የሳቁ ልጆች ነበሩና።

የቅዱስ ያሬድ በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ጥያቄ
1. ያሬድ ወደ መምህሩ እንዲመለስ ያደረገው ምንድን ነው?
2. ሦስቱን የዜማ ስሞች ጻፉ።
3. ንጉሡን ምን ለመነ? ለምን ይመስላችኋል?