ጄሲ ሊቨርሞር፦ ነጋዴ ወይስ ቁማርተኛ?

ከአቃቂ በሰቃ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ሁለት ወጣቶች ማየቱ አይቀርም። አንደኛው በእንግሊዝ ኳስ ላይ የቆረጠውን የውርርድ ትኬት እያሰላ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዩሮንና የዶላርን ዋጋ በሚያሳይ ቀይና አረንጓዴ መስመር ላይ ዓይኑን ተክሏል። የመጀመሪያውን ቁማርተኛ ብትሉት ይስቃል፤ ሁለተኛውን ብትሉት ግን ይቆጣል፣ ትሬደር ነኝ ባይ ነውና። ለመሆኑ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በቀመር ከመመለስ ይልቅ በሁለቱም ቤት በኖረ ሰው ሕይወት መመለሱ ይሻላል በማለት የጄሲ ሊቨርሞርን ታሪክ እነሆ አቀርባለሁ። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄሲ ሊቨርሞር በ1877 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሽሩስበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ገበሬ ሲሆን አባትየው ልጁ ትምህርቱን ትቶ እርሻ እንዲይዝለት ይፈልግ ነበር። ልጁ ግን በሒሳብ ጎበዝ ነበርና እርሻው አልታየውም። እናቱ አምስት ዶላር በኪሱ ሸጉጣ እንደሸኘችው ይነገራል። በ14 ዓመቱ ገደማ ቦስተን ገብቶ ፔይን ዌበር በተባለ የአክሲዮን ደላሎች ቢሮ ተቀጠረ። ሥራው ከቴሌግራፍ የሚመጣውን ዋጋ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበር። ታዲያ ይሄ ልጅ ቁጥሮቹን ጽፎ ብቻ አልተዋቸውም፤ በደብተሩ እየመዘገበ ዋጋ ከመውጣቱና ከመውረዱ በፊት ምን እንደሚመስል ማጥናት ጀመረ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ባኬት ሾፕ የሚባሉ ቤቶች ነበሩ። ከውጭ ለሚያያቸው የአክሲዮን ደላላ ቢሮ ይመስላሉ፤ ሰሌዳ አላቸው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ኮሚሽን ይቆርጣሉ። ነገር ግን አንድም አክሲዮን አይገዛባቸውም፣ አይሸጥባቸውም። ደንበኛው ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ከቤቱ ጋር ይወራረዳል እንጂ ሌላ ነገር የለም። አሠራሩን በምሳሌ እንየው። የአንድ አክሲዮን ዋጋ 100 ዶላር ነው እንበል። ደንበኛው በአንድ አክሲዮን 1 ዶላር ብቻ እያስያዘ በ10 ዶላር 10 አክሲዮን እንደያዘ ይቆጠራል። ዋጋው 101 ከገባ ገንዘቡ እጥፍ ይሆናል። ዋጋው ለአንድ አፍታ 99 ከነካ ግን ያስያዘው በሙሉ የቤቱ ነው። ከደቂቃ በኋላ ዋጋው ወደ 105 ቢወጣም አይመለስለትም።

ሊቨርሞር የመጀመሪያ ገንዘቡን ያገኘው እዚህ ነው። በ15 ዓመቱ ትርፉ 1,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ልጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሰሌዳ መጻፉን ተወና ሥራዬ ብሎ ያዘው። ምን አለፋችሁ፣ ሲያሸንፍ ሲያሸንፍ ቤቶቹ አንድ በአንድ በር ይዘጉበት ጀመር። ስሙን እየቀየረ ቢገባም እየተያዘ ወጣ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ደንበኛው ስላሸነፈ የሚያባርር ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጤፍ ሻጭ የገዛችሁት ጤፍ በኋላ ስለተወደደላችሁ ዳግመኛ አትምጡ አይልም። የሚያባርረው ትርፉ ከእናንተ ኪሳራ ብቻ የሚመጣ ሰው ነው። ካዚኖም እንዲሁ ነው። ከዜሮ እስከ 36 ያሉ 37 ቁጥሮች ባሉት ሩሌት በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 100 ብር የደረደረ ሰው 3,700 ብር ያወጣል፤ የትኛውም ቁጥር ቢወጣ የሚመለስለት 3,600 ብር ነው። 100 ብሯ የቤቱ ናት። ቤቱ ማታለል አያስፈልገውም፤ ሒሳቡ ይሠራለታል። ፖከር ከዚህ ይለያል። ተጫዋቹ የሚፋለመው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ሲሆን ቤቱ ከእያንዳንዱ መደብ ትንሽ እየቆረጠ ይኖራል። ስለዚህ ችሎታ ያለው በፖከር ሊያተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከጠረጴዛው የሚነሳው ጠቅላላ ገንዘብ ሁልጊዜ ከተቀመጠው ያንሳል።

ሊቨርሞር በር ሲዘጋበት ወደ እውነተኛው ገበያ፣ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። በባኬት ሾፕ ሰሌዳው ላይ በታየው ዋጋ ይገዛና ይሸጥ ነበር። በእውነተኛው ገበያ ግን ትእዛዙ ሰው ጋ ደርሶ፣ ገዢና ሻጭ ተገናኝተው እስኪፈጸም ዋጋው ይቀየራል። በግንቦት 1901 የኖርዘርን ፓሲፊክ ባቡር አክሲዮን ገበያውን ሲያናውጥ ሊቨርሞር የገበያውን አቅጣጫ በትክክል ገምቶ ነበር፤ ትእዛዞቹ በዘገየ ዋጋ ስለተፈጸሙ ግን ያለውን ሁሉ አጣ። በቁማር ቤት የተማረው ብልሃት ለንግድ አልበቃም። መነሻ ገንዘብ ለማግኘት እንደገና ወደ ባኬት ሾፖች ተመለሰ። እነዚያ ቤቶችም ቢሆኑ ዘመናቸው እያለቀ ነበር፤ በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገበያ ዋጋ መረጃ የገበያው ንብረት ነው ብሎ ከወሰነ በኋላና ግዛቶችም ሕግ ካወጡ በኋላ እየጠፉ ሄዱ።

ቀስ በቀስ ግን ሊቨርሞር ነጋዴ ሆነ። የቁጥሮቹን ጭፈራ ብቻ ማየቱን ትቶ የወለድ መጠንን፣ የባንኮችን ጥሬ ገንዘብ፣ የኩባንያዎችን ሁኔታ ማጥናት ጀመረ። በ1907 ባንኮች ገንዘብ ሲያጥራቸው ገበያው እንደሚወድቅ ቀድሞ አይቶ አክሲዮን ተበድሮ ሸጠ፤ ዋጋው ሲወርድ በርካሽ ገዝቶ የተበደረውን መለሰ፣ ልዩነቱንም ኪሱ ከተተ። በአንድ ቀን ብቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዳተረፈ ይነገርለታል። ለራሱም ሕግ አወጣ፦ በትንሹ ሞክር፣ ትክክል ከሆንክ ብቻ ጨምር፣ የሚከስር ነገር ላይ አትጨምር፣ የሰው ወሬ አትስማ።

ሕጉን ያወጣውም የጣሰውም እሱው ነው። በ1908 አንድ የታወቀ የጥጥ ነጋዴ ባሳመነው መሠረት ጥጥ ገዛ፤ ሲወርድ ጨመረ፣ አሁንም ሲወርድ አሁንም ጨመረ። ያተረፈውን ሚሊዮን በሙሉ አጣ። በ1915 ኪሳራ አወጀ። ሆኖም ከዚያ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አገግሞ ሕግ የማያስገድደውን ዕዳ ሳይቀር ለባለ ዕዳዎቹ ከፈለ፤ ይህ የሚመሰገንበት ነው። በ1923 ኤድዊን ለፌቭር የተባለ ጋዜጠኛ በሊቨርሞር ሕይወት ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ ዛሬም በመስኩ ሰዎች ይነበባል። በጥቅምት 1929 ዎል ስትሪት ሲፈራርስ ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ። ሌላው ሲያለቅስ እሱ በማትረፉ ሕዝብ ጠላው፣ ዛቻም ደረሰበት።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ አምስት ዓመት አልቆየም። በመጋቢት 1934 እንደገና ኪሳራ አወጀ። በ1940 የንግድ ሕጎቹን የያዘ መጽሐፍ በራሱ ስም አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኒው ዮርክ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ በ63 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ለዓመታት በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይሠቃይ ስለነበር ሞቱን በገንዘብ ብቻ ማሳበብ ተገቢ አይመስለኝም። ኪሳራውን ግን ባለማወቅ ማሳበብ አይቻልም፤ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? በእኔ እምነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቤቱ ስም አያታልለን። ቁማር ቤት የሚኖረው በእኛ ኪሳራ ነው፤ እውነተኛ ገበያ ግን ብናተርፍም ብንከስርም ግድ የለውም። በአጭር ጊዜ መግዛትና መሸጥ ከፖከር ጋር ይመሳሰላል፤ የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው፣ ደላላውም ድርሻውን ይቆርጣል። አክሲዮን ገዝቶ መያዝ ግን ይለያል፤ ኩባንያው ሠርቶ ስለሚያተርፍ ባለአክሲዮኖች ሁሉ አብረው ሊጠቀሙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ገበያ ውስጥ ብንገባም ቁማርተኛው ውስጣችን ካለ አብሮን ይገባል። ሊቨርሞርን ባኬት ሾፖቹ አባረሩት፣ ገበያው ግን አላባረረውም፤ ከራሱም አላዳነውም።

ከመካከላችን የሴሚስተር ክፍያውን በስልኩ ፎሬክስ ላይ በአንድ ሌሊት ያጣ ልጅ አለ። ያስያዘውን መቶ እጥፍ አድርጎ ነበር የገባው። በመቶ እጥፍ የገባ ሰው ዋጋው አንድ በመቶ ሲሄድበት ያልቅለታል፤ የቦስተኑ የ10 ዶላር ሒሳብ ማለት ነው። ጠዋት ሲነሣ ዋጋው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የእሱ ሒሳብ ግን ዜሮ ሆኖ ጠበቀው። እሱ ብቻ አይደለም፤ በ2018 የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንዲህ ባለው በብድር በሚበዛ የዋጋ ልዩነት ውል ላይ ከተሰማሩት ተራ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆነው እንደሚከስር አስታውቋል።

አገራችን ከ1965 እስከ 1974 በአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ነበራት፤ ከአብዮቱ ጋር ቀረ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ተበሠረ። ነገ በዚያ ተቀጥረን የምንሠራው እኛው ነን፤ ለአቃቂ ሠራተኛ ቁጠባህን እዚህ አውል ብለን የምንመክረውም እኛው ነን። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችን ወይም ከማስወጣታችን በፊት እንጠይቅ፦ ከወዲያ ማዶ ያለው ማን ነው? የሚያተርፈው ከሥራ ነው ወይስ ከእኛ ኪሳራ? የገባነው በራሳችን ገንዘብ ነው ወይስ በብድር? ቢጠፋስ የትምህርት ክፍያና የቤት ኪራይ ይተርፋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ሰሌዳው ምንም ያህል ቢያምር ሊቨርሞር በጀመረበት ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ቸር ይግጠመን!