ቅዱስ ያሬድ እና የበዓላት ዜማ
ሊቁ ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም በአክሱም ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ሸሽቶ ነበር። ደጋግማ ወድቃ ዛፉን የወጣችውን ትል ባያይ ኖሮ፣ ዛሬ በየበዓሉ የምንሰማው ድጓ ባልኖረን ነበር።

ዜማውን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እናሸበሽባለን። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ በትንሣኤ ሌሊት ሲመለሱ ልባችን እንዴት እንደሚዘል እናውቀዋለን።

ገድሉ እንደሚነግረን፣ አፄ ገብረ መስቀል በዝማሬው ተመስጦ የተመረኰዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ሲፈስም ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የደሙን ዋጋ የፈለገውን እንዲለምን ቢጠይቀው፣ ሊቁ ወርቅ አልፈለገም፤ ለምናኔ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ እጅግ ቢያዝንም ቃሉን አላጠፈም። ሊቁም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ፣ በጸሎትና በማስተማር ኖሮ፣ ግንቦት 11 ቀን ተሰወረ።