በ600 ዲርሃም ተሽጠው የነበሩት ንጉሥ፦ አስሐማ ነጃሺና የመካ ስደተኞች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስቀምጡት ዘመኑ 9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ሶሓቦቻቸውን ይዘው ወደ መስገጃው ሜዳ ወጡ። ሰፍ አስይዘው በአራት ተክቢራ የጀናዛ ሰላት አሰገዱ። ከፊታቸው ግን ጀናዛ አልነበረም። ሟቹ ያረፉት ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በሀበሻ ምድር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዜና እረፍታቸውን የተናገሩት በሞቱበት ዕለት ሲሆን፣ ሟቹም ለሶሓቦች ወንድም፣ ደግም ሰው እንደነበሩ አብረው ነግረዋቸዋል።

እኚህ ሰው አስሐማ ይባላሉ። ነጃሺ ዐረቦች የሀበሻን ነገሥታት የሚጠሩበት የማዕረግ ስም ነው። የሶሓቦቹን ስደት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ንጉሡ ያን ሁሉ ጫና ተቋቁመው ስደተኞቹን ለምን አሳልፈው እንዳልሰጡ ለመረዳት ግን ታሪኩን ከእሳቸው ልጅነት መጀመር ይሻላል።

ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደተላለፈው ዘገባ፣ አባታቸው የሀበሻ ንጉሥ ነበሩ፤ ከአስሐማ ሌላም ልጅ አልነበራቸውም። የንጉሡ ወንድም ግን 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሹማምንቱ መንግሥቱ ወራሽ እንዳያጣ በማለት ንጉሡን ገድለው ወንድሙን አነገሡ። አስሐማ በአጎታቸው ቤት አደጉ። ብልህና አስተዋይ ስለነበሩ አጎታቸው ያለ እሳቸው ምክር ነገር አይቆርጥም ነበር። ይህን ያዩ ገዳዮች፣ ልጁ አንድ ቀን የአባቱን ደም ይበቀላል ብለው ፈሩ። ይገደልልን ብለው ቢጠይቁም አጎትየው እምቢ አለ፤ ከአገር እንዲወጣ ግን ተስማማ። አስሐማ ገበያ ወጥተው ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ተሸጡ፤ ነጋዴውም በጀልባ አሳፍሮ ይዟቸው ሄደ።

በዚያው ዕለት ምሽት ደመና ጠቆረ፤ አጎታቸው ዝናብ ሊያይ በወጣበት መብረቅ መትቶ ገደለው። ከልጆቹ ለመንግሥት የሚበቃ አልተገኘም። ሰዎቹ ነጋዴውን ተከታትለው ደረሱበትና አስሐማን መልሰው ዘውድ ጫኑላቸው። ገንዘቡ የቀረበት ነጋዴ አቤት ለማለት የመጣው በገዛ ዕቃው ፊት ነበር። አዲሱ ንጉሥም ሹማምንቱ ወይ ገንዘቡን እንዲመልሱ፣ ወይ ባሪያውን ከእነ ዘውዱ እንዲያስረክቡ ፈረዱ። ገንዘቡ ተከፈለ። የመጀመሪያው የታወቀ ፍርዳቸው ይህ ነው።

በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ፣ የቁረይሾች ግፍ የበረታባቸው ሙስሊሞች ማንም ዘንድ የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት አገር እንዲሄዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከሯቸው። መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ከነሱም ውስጥ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው ሩቀያ (ረ.ዐ) ተሻገሩ። በሁለተኛው ስደት ከ80 የሚበልጡ ወንዶችና ከነሱ ጋር ሴቶች ተከተሉ። ቃል አቀባያቸው የነቢዩ የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ነበሩ።

ሀበሻ ለቁረይሾች የንግድ አገር ነች። ሸሽተው የሄዱት ደግሞ ባሮችና ድሆች ብቻ ሳይሆኑ የታላላቅ ቤተሰብ ልጆችም ነበሩ። ጉዳዩ የክብርም የጥቅምም ሆነባቸው። ስለዚህ ሁለት መልእክተኞች መረጡ፦ ያኔ ገና ያልሰለሙትን ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን። ንጉሡ ከመካ ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የተለፋ ቆዳ ስለነበር መልእክተኞቹ ቆዳውን በብዛት ጭነው ተሻገሩ።

አካሄዳቸው የተጠና ነበር። ንጉሡ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ባለሟል ስጦታውን ሰጡ። የለመኑትም አንድ ነገር ነው፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግሩ እንዲያስረክቡ እንዲመክሩላቸው። ስደተኞቹ አፍ ካገኙ ነገሩ እንደሚበላሽ ያውቃሉ። ቀርበውም የሕዝባቸውን ሃይማኖት ትተው፣ የንጉሡንም ሳይቀበሉ፣ አዲስ ነገር ያመጡ ቂል ልጆች እንደሆኑና የላኳቸውም አባቶቻቸውና አጎቶቻቸው እንደሆኑ አስረዱ። ባለሟሎቹ በአንድ ድምፅ ደገፏቸው።

አስሐማ ተቆጡ። ከሌላው ሁሉ መርጠው አገራቸው የገቡ፣ እሳቸውንም የተጠጉ ሰዎችን ቃላቸውን ሳይሰሙ እንደማያስረክቡ ማሉ። የተባለው እውነት ከሆነ ይመልሷቸዋል፤ ካልሆነ ይጠብቋቸዋል። አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ በችሎታቸው ቦታ አልነበረውም።

በቦታው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) የቀሩትን ሁለት ቀናት በዝርዝር ተርከውልናል። ስደተኞቹ ተመካክረው፣ የመጣው ይምጣ፣ ነቢያቸው ካስተማሯቸው ውጭ ላይናገሩ ወሰኑ። ጳጳሳቱ መጻሕፍታቸውን ዘርግተው በተቀመጡበት ጀዕፈር (ረ.ዐ) ቆመው ተናገሩ። ጣዖት ያመልኩ፣ በክት ይበሉ፣ ዝምድና ይቆርጡ፣ ጠንካራው ደካማውን ይበላ እንደነበር፤ ከዚያም አላህ ዘሩንና እውነተኛነቱን የሚያውቁትን መልእክተኛ እንደላከላቸው፤ በማመናቸው ምክንያት እንደተሠቃዩና የንጉሡን ጥበቃ ብለው እንደመጡ ዘረዘሩ። ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ሲቀሩ ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ጳጳሳቱም አነቡ።

በማግስቱ ዐምር ሌላ መንገድ ሞከሩ። ባልደረባቸው ዐብደላህ፣ ቢቃረኑንም ዘመዶቻችን ናቸው ብለው ሊያስተዋቸው ቢሞክሩም አልሰሙም። ሙስሊሞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ቃል ይናገራሉ ብለው ለንጉሡ አቀረቡ። በክርስቲያን ንጉሥ ችሎት ይህ ከሁሉም የባሰ ክስ ነው። ጀዕፈር (ረ.ዐ) አልሸፋፈኑም፤ ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሊቱ መርየም የተጣለ ቃሉና ከርሱ የሆነ መንፈስ ነው ብለው መለሱ። ንጉሡ ከመሬት ስንጥር አንስተው ልዩነቱ ያችን እንኳ እንደማታክል ተናገሩ። ባለሟሎቹ አጉረመረሙ። እሳቸው ግን ለስደተኞቹ ሙሉ ደኅንነት አወጁ፤ የሚነካቸውም እንዲቀጣ አዘዙ። ስጦታው ሁሉ ተመለሰ። ምክንያታቸውም ከልጅነታቸው የተቀዳ ነበር፤ አላህ መንግሥታቸውን ሲመልስላቸው ጉቦ አልጠየቃቸውምና እነሱም በዚህ ፍርድ ጉቦ አይቀበሉም። በ600 ዲርሃም የተሸጠ ሰው፣ ሰው በቆዳ እንዲሸጥ አልፈቀደም።

ውሳኔው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ሃይማኖታችንን ትተሃል ብለው የገዛ ሕዝባቸው ተነሣባቸው። እሳቸውም አስቀድመው ለጀዕፈርና ለባልደረቦቻቸው መርከብ አዘጋጁ፤ ከተሸነፉ ስደተኞቹ ወደፈለጉበት እንዲሄዱ፣ ካሸነፉ እንዲቆዩ መልእክት ላኩ። ከራሳቸው በፊት የእንግዶቻቸውን መውጫ አሰናዱ ማለት ነው። አላህም ከዚያ ጭንቅ አወጣቸው። በሌላ ጊዜ አንድ ተቀናቃኝ ሲነሣባቸው ሙስሊሞቹ በዱዓ ተጨነቁ። ወጣቱ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በተነፋ ስልቻ ወንዝ ተሻግረው የጦርነቱን ውጤት አይተው መጡና የነጃሺን ድል አበሠሯቸው።

ዓመታት አለፉ። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በስደት ምድር ባላቸው ሲሞትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋብቻቸውን በነጃሺ በኩል አስፈጸሙ፤ 400 ዲናር መህሩንም የከፈሉት ንጉሡ ናቸው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ጀዕፈርና የቀሩት ስደተኞች በሁለት መርከቦች ተመልሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበር ላይ አገኟቸው።

ዐምር ኢብኑል ዓስም ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ እንደገና ቆዳ ጭነው ሀበሻ ገብተው ነበር። ያኔም የነቢዩ መልእክተኛ ዐምር ኢብኑ ኡመያ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ነጃሺ በቁጣ መለሷቸው፤ ነገር ግን ወደ እውነቱም ጠሯቸው። የስደተኞች አሳዳጅ በስደተኞች ጠባቂ እጅ ለኢስላም ቃል ገቡ። ከዚያም በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ገብተው እስልምናቸውን አወጁ።

የነጃሺ መቃብር እንደሚነገረው በትግራይ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን በምትገኘው ነጋሽ ነው። በ2013 በጦርነቱ ወቅት መስጂዱ ጉዳት ሲደርስበት ሐዘኑ ከሀገር አልፎ ተሰምቷል።

ሶሓቦች ወደኛ የተሻገሩትን ባሕር ዛሬ የኛ ወጣቶች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሻገሩታል። በእኛም ምድር የጎረቤት አገር ስደተኞች በመቶ ሺዎች ተጠልለዋል። በነጃሺ መኩራት ቀላል ነው፤ የተጠጋንን ሰው ቃሉን ሳንሰማ አሳልፈን አለመስጠት ግን እሳቸውን መከተል ነው።

አላህ ለነጃሺ ይዘንላቸው፤ በባዕድ አገር ያሉትንም ሁሉ ፍትሐዊ ሰው ያገናኛቸው። አሚን።